የማርያም መቀነት የወረደበት ውሃ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለየሺወርቅ ሀብተ ሚካኤል፤
ኩዌት።

የሺዬ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እመቤትሽ እንዴት ናት? ዘንድሮ እንኳ ዓርብን ታሳርፍሻለች ወይስ አሁንም እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓርብሽን ትበላብሻለች? የሆድሽ ሕመም እንዴት ሆነ? በክንድሽና በአንገትሽ ላይ ወጣብኝ ያልሽው ሽፍታስ ጠፋልሽ? እህል ይወስድልሻል? እንቅልፍሽስ? ይህን ሁሉ የምደረድረው የደብዳቤ ወግ እንዲደርስ ብዬ አይደለም። ለእያንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ፤ ለሆድሽና ለቆዳሽ ግን ከሁሉ በፊት።

እኛ ደህና ነን። መቼም እንዲህ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እኔም ጻፍሁት። እማዬ ከአልጋ ወርዳ ደጅ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ሲመታት ፊቷ ትንሽ ደም ያለው ይመስላል። ገብሱ ዘንድሮ አላሳፈረንም፤ በጎቹም ወልደዋል። የእኔ ምግብ ቤት መንገዱ ሲከፈት ይከፈታል፣ መንገዱ ሲዘጋ ይዘጋል። ከዚህ ውጭ ያለው ግን ደህና አይደለም። ደህና ነው ብዬ ብዋሽሽ ደግሞ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

ባለፈው በስልክ «ያን ጸበል ከእንግዲህ አትጠጪው፣ ገላሽንም አታስነኪው» ስልሽ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ሃይማኖት ያስጠላሽ? አባባንም ያሳሳትሻቸው አንቺ ነሽ አሉ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። እመቤትሽ ስልክሽን ቀምታሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። አኩርፈሽ ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትጥይው፤ ማኩረፉን እኔም እችልበታለሁ፣ ታውቂኛለሽ። የሰዉ ወሬ በፌስቡክ ኩዌት ድረስ ቀድሞኝ እንደ ደረሰ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ከመነሻው እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍረጂ።

ደብዳቤውን የያዘችልሽ የሸጊቱ ልጅ ዓለምዬ ናት። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፤ አሁን ወደዚያው ተመላሽ ናት። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ ያን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ጸበል ያደረሰችልሽም እሷው ናት። የምጽፍልሽን ብትጠራጠሪ እሷን ጠይቂ፤ የእናቷ ጉድጓድ ምን እንደ ሆነ አይታ ነው የምትመጣው።

አንቺ ስትሄጂ፣ ከኪዳነ ምሕረት በላይ አስፋልቱ ዳር፣ አቶ ፀጋው ነዳጅ ማደያ ሊሠራ ነው ተብሎ መሬቱ ሲቆፈር ነበር። ማደያው ተሠራ። ከተማውን ደስ አለው፤ ባጃጁም ወፍጮውም ነዳጅ ፍለጋ ደባርቅ ድረስ መንከራተት ቀረለት። አቶ ፀጋው ደግሞ ሰው አክባሪ ነው፤ ለቅሶ አይቀርም፣ በዓል አይስትም። የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ለታቦቱ ጃንጥላ ከነዘርፉ ያስመጣው እሱ ነው። አባባም ሲቀድሱ ስሙን በጸሎት ሳያነሡ አይውሉም ነበር። የሰጠን ሌላ ነገርም እንዳለ ማን ያውቃል?

ማደያው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ወደ ጸበሉ ሲወርድ፣ ገንዳው ላይ የማርያም መቀነት ታየ። በሰማይ አይደለም፤ እዚያው ውሃው ላይ። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ በእጅ ሲነኩት የሚሸሽ፣ እጅ ሲነሣ መልሶ የሚገጥም። የበዓሉ ቀን፣ በእሷው ደጅ፣ በእሷው ውሃ ላይ የእሷው መቀነት! ማን ይጠራጠራል? እኔም አይቻለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል ብያለሁ። አባባ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ «ለኖኅ በደመና ላይ የታየው ቃል ኪዳን፣ ለእኛ ለኃጥአን በቃል ኪዳኗ ደጅ በውሃ ላይ ታየ» ብለው አስተማሩ። እንዲያ ያለ ስብከት ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ጋዝ ጋዝ ይላል ያለ ሰው አልጠፋም። ግን ጸበል የማይሸት የት አለ? አንዱ ድኝ ይሸታል፣ አንዱ ብረት ብረት ይላል፣ አንዱ እንደ እሬት ይመራል። የሸተተው ርኩስ መንፈስ ሲቃጠል ነው ተባለ፤ ሁላችንም ተቀበልን። ሰው ጠጥቶ ሲያስመልሰው ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ተረጋገጠ። ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ መዳን ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ አንቺም እኔም። መተት የበላው መተቱ ወጣለት፣ ቡዳ የበላው ለቀቀው ተባለ። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከኮሶዬ፣ ከዚያም ከሩቅ በሚኒባስ እየተጫኑ መጡ። ራሱን አዙሮት የወደቀውን «ያዘው!» እያሉ መስቀል ያሳርፉበታል። አሁን ሳስበው ያን ሰው የያዘው የነዳጅ ትነት ነው።

አንቺም ሆዴን ያመኛል፣ ያቺ ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ የሆነ ነገር አድርጋብኛለች መሰለኝ ብለሽ የደወልሽው በዚያው ሰሞን ነው። አባባ ጾመው፣ በገዛ እጃቸው ቀድተው፣ ደግመውበት ላኩልሽ። ጠጣሁት፣ አስመለሰኝ፣ ቀለለኝ ብለሽ ስትደውዪ አባባ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ድምፅሽን እየሰሙ አለቀሱ። ያን ቀን ደስታቸውን ብታዪ!

አሁን ወደ ገዱ ልምጣ። የአክስታችን ልጅ ገዱ እዚያ ማደያ ነዳጅ ቀጂ ሆኖ እንደ ተቀጠረ ነግሬሽ ነበር። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን እየጎደለ አስቸገረ። ቦቴው መጥቶ ይገለብጣል፤ ሰንብተው ዘንግ ከትተው ሲለኩት ከተሸጠው በላይ ጎድሎ ይገኛል። አቶ ፀጋው መሬት እየጠጣው ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ ገዱ ይሰርቀኛል ብሎ አሰበ። ታንክ ቆፍሮ አውጥቶ ከማስመርመር አንድ ነዳጅ ቀጂ ማሳሰር ይረክሳላ! ገዱ ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ከረመ። አክስታችን ስንቅ ስታመላልስ በመንገድ የሚያገኛት ሰው ፊቱን ያዞርባት ነበር። «አልነካሁም፣ ልጆቼን ይንሣኝ አልነካሁም» እያለ ሲምል ከቤተ ሰብ እንኳ አጥብቆ ያመነው አልነበረም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ? በዚያው ጊዜ ባጃጁ ሁሉ ቤንዚን አጥቶ ከማደያው እስከ መናኸሪያው ተሰልፎ ያድራል። እኛ ደግሞ ከታች በኩል ያንኑ ቤንዚን በጣሳ እየቀዳን፣ አማትበን እንጠጣለን።

ነገሩን ያወጣችው ሸጊቱ ናት። ቤቷ ከማደያው በታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አይደል? ግቢዋ ውስጥ ያለው የውሃ ጉድጓድ መሽተት ጀመረ። ላሞቿ አፋቸውን ነክረው ያወጡታል እንጂ አይጠጡም። ያጠበችው ነጠላ ከደረቀ በኋላ እንኳ ይሸታል፤ የእጇ ቆዳ ተላላጠ። ሰው «የጸበሉ በረከት አንቺም ቤት ደረሰ» ሲላት፣ «በረከት ከሆነ ላሞቼ ምን በደሉ?» አለች። አፏ መቼም ያው ነው። ከጉድጓዱ በጠርሙስ ቀድታ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። ነገ ነይ ሲሏት ነገ ትመጣለች፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ሲሏት ጠርሙሱን ጠረጴዛቸው ላይ ከፍታው ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ያንቀሳቀሳቸው አቤቱታው ሳይሆን ሽታው ነው መሰለኝ።

ከጎንደር ሕሊና የምትባል የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ተላከች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሱሪ የለበሰች ልጅ ናት፤ ሱሪዋ ብቻውን ለከተማው የአንድ ሳምንት ወሬ ሆኖለታል። ከሁለት ሠራተኞች ጋር የእጅ መሰርሰሪያ ይዛ፣ ከማደያው አጥር ጀምራ ቁልቁል እየወረደች ታስቆፍር ጀመር። ጉድጓዱ የአጥር እንጨት የሚተከልበት ይመስላል፤ ጠባብ ነው፣ ግን ጥልቅ። ከየጉድጓዱ የወጣውን አፈር ታሸታለች፣ በላስቲክ ትቋጥራለች፤ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ትቀብርበታለች፤ ውሃው ስንት እንደሚወርድ በገመድ ትለካለች። ናሙናውን በበረዶ ሣጥን አድርጋ አዲስ አበባ ትልካለች። ሰው ምን ያላለው አለ? ወርቅ ፍለጋ ነው ተባለ፤ የተቀበረ ንዋየ ቅድሳት አነፍንፋ ልትወስድ ነው ተባለ።

ምሳዋን የምትበላው እኔ ቤት ስለ ነበር አንድ ቀን ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ነዳጅ ከውሃ እንደሚቀል፣ መሬት ውስጥ ከገባ በከርሰ ምድር ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ተዳፋቱን ይዞ እንደሚሄድ፣ እሷም የት እንደ ደረሰ እንደምትከተል ነገረችኝ። የት ደረሰ ታዲያ አልኋት። አንገቷን ደፍታ ሽሮዋን መብላት ቀጠለች። ሁሉም ጉድጓድ እንደ ሸተተና የቀራት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ እኔም ሳህኔን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ወደ ቅጥሩ ስትመጣ አባባ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። «ልጄ፣ የእመቤቴ ደጅ በብረት አይወጋም። ጥርጣሬሽን ከውጭ ትተሽ ግቢ፤ አለዚያ በመጣሽበት ተመለሺ» አሏት። ከዚያ ጸበል በጣሳ አስቀድተው፣ እሷም ሠራተኞቿም ሕዝቡም እያየ፣ እስኪጨርሱት ጠጡት። ሕዝቡ እልል አለ። አቶ ፀጋውም እዚያው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው። እሷ መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች። አባባ ቤት ገብተው አስመለሳቸው፤ ደግሞ አስመለሳቸው። እማዬ ጀርባቸውን ደግፋ «ተመስገን፣ ወጣልዎ» ትላቸው ነበር። ይህን የምነግርሽ እንድትስቂ አይደለም። እማዬ ራሷ ከዚያ በፊት ሁለት ሱባኤ ያንኑ ውሃ ጠጥታለች።

ሕሊና በማግሥቱ ቤታችን መጣች። «አባ፣ የሸጊቱን ጉድጓድ አብረውኝ ይዩልኝ» ብላ ለመነቻቸው። አባባ ልጅ ስትለምናቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ ሄዱ፣ እኔም ተከተልሁ። ባልዲ አውርዳ ቀዳች፤ ከላይ የተንሳፈፈውን በጥጥ ነክራ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ክብሪት ጫረችበት። ነደደ። አባባ በዘንጋቸው ተደግፈው እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ከዚያ «ይህ የሸጊቱ ጉድጓድ ነው። የእመቤቴ ጸበል ሌላ ነው፤ የሚወጣው ከዓለት ነው» አሉ።

እሷ አልተከራከረችም። ቀለም እንዳላት፣ ሰውንም ከብትንም እንደማይጎዳ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብትጨምረው ምን እንደሚል ጠየቀቻቸው። «ውሃው ሌላ ከሆነ ቀለሙ እዚሁ ይቀራል፤ እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ በሕዝቡ ፊት ይቅርታ ጠይቄዎት ጎንደር እገባለሁ። ጸበሉ ላይ ከወጣ ግን፣ አባ፣ ከዚህ ወደዚያ መንገድ አለ ማለት ነው» አለቻቸው። አባባ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብለው ጠየቁ፤ አረንጓዴ ነው አለቻቸው። «ይሁን። ለማንም ግን አይነገር፤ ሕዝቡ እንዳይረበሽ» አሉ። ይህ «አይነገር» ያሉት ነገር ነው ጉድ የሠራን። ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ እጽፍልሽ ነበር።

ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ወዲያ አባባ በየማለዳው ብቻቸውን ወደ ምንጩ ይወርዱ ጀመር። ሲመለሱ እኔ ፊታቸውን አያለሁ፤ እሳቸውም የማየውን ያውቃሉ። ቀን በሄደ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል። እንዲያውም አንድ ጧት ለሕሊና ማር እንድልክላት አዘዙኝ፤ ያሸነፉ መስሏቸው ሊያጽናኗት። በኅዳር ጽዮን ዕለት ግን ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ሲወርድ፣ ገንዳው ውስጥ የሚወርደው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። የክረምት ሣር የመሰለ፣ ደማቅ አረንጓዴ።

መጀመሪያ ሰው ገንዳውን ከቦ ተጠጋ። ከዚያ አንዲት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች ሴት «ልምላሜ! እመቤቴ ልምላሜ ሰጠችን!» ብላ ጮኸች፤ እልልታው ቀለጠ። ሰው እርስ በርሱ ተጋፋ። አንዱ ሕፃን ልጁን ከነልብሱ ገንዳው ውስጥ ነከረው። ዓይኔ አባባን ፈለጋቸው። ከገንዳው አጠገብ ቆመው የእጅ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የሺዬ፣ አባታችን በክፉ ቀን ሁሉ፣ ተኩስ መጥቶ እንኳ፣ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ፈርተው አየኋቸው። ደግሞ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የሚያውቀው እሳቸው፣ እኔ፣ ሸጊቱና ሕሊና ብቻ ነን፤ ዝም ቢሉ ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሟቸው ይወጣ ነበር።

ዝም አላሉም። ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥተው «ልጆቼ፣ አትጠጡ» አሉ። «ይህ ተአምር አይደለም፤ ቀለም ነው። ከሸጊቱ ጉድጓድ የተጨመረ ቀለም ነው፤ ሲጨመርም አውቄያለሁ። ያን የማርያም መቀነት ያልኋችሁም ከማደያው የወረደ ነዳጅ ነው። አስቼ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ይህን ሁሉ ተናግረው ሰው የሰማው ምኑን ይመስልሻል? ቄሱ አውቀው ጸበል ላይ ቀለም አስጨመሩ የሚለውን ብቻ። ከዚያ በፊት ያለውም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም በእልልታውና በጩኸቱ ተዋጠ። ማን ከፈላቸው ተባለ። መናፍቅ ሆነዋል ተባለ። ጧት መስቀላቸውን ተሳልመው የማይጠግቡ ሴቶች «ይውረዱ!» እያሉ ጮኹባቸው። ማን እንደ ገፋቸው አላየሁም፤ ብቻ ወደቁ። ጥምጣማቸውን ከጭቃው ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አጥቤ አጥቤ አረንጓዴው አልለቀቀውም።

በሳምንቱ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ አባ አርጅተዋል፣ ይረፉ አላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የቀደሱበትን ደጅ አሁን ከውጭ ቆመው ያስቀድሱበታል። እንደ ማንም ምእመን።

ከዚያ በኋላ ነው የአዲስ አበባው ውጤት የመጣው። ጸበሉ ቤንዚንም ናፍጣም አለበት፤ ለመጠጥም ለመታጠቢያም አይሆንም ይላል። ታንኩም በግድ ተቆፍሮ ወጣ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሆዱ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። አዲስ ነው የተባለለት ታንክ ከሌላ ከፈረሰ ማደያ የተነሣ፣ ቀለም ተቀብቶ የተቀበረ አሮጌ ኖሯል። የገዱ ስርቆት ይኸውና፤ መሬት ውስጥ ተገኘ።

ታዲያ ማን የተቀጣ ይመስልሻል? ማደያው ጥቂት ወራት ተዘጋ፤ አሁን አዲስ ታንክ ገብቶለት፣ መብራት በመብራት ሆኖ ተከፍቷል። አቶ ፀጋው በየድግሱ «ለቤተ ክርስቲያን በሠራሁ እንዲህ ተደረግሁ» እያለ እንባውን ይጠርጋል፤ ሰውም ያዝንለታል። ገዱን ይቅርታ ያለው የለም፤ አፍሮ ከተማውን ለቀቀና መተማ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል። የሸጊቱ ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ከቦኖ ወረፋ ይዛ ትቀዳለች። ሕሊና ስትሰናበተኝ መሬቱ መቼ ይጠራል ብዬ ጠየቅኋት፤ እኔ ሳልሆን ልጆቼ ጠርቶ ያዩት እንደሆነ ነው የነገረችኝ። ለጸበሉ በር ተሠርቶ ተቆልፏል፤ ሰው ግን አጥር እየዘለለ ይቀዳል። የሚቀዳው ደግሞ ለታመመ ነው፤ ይኸ ነው የሚያቃጥለኝ።

እማዬን ጎንደር ወስጄ አስመረመርኋት፤ ደሟ እጅግ አንሷል አሉ። ከጠጣችው ውሃ ነው ወይ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው «ሊሆን ይችላል፤ ነው ብዬ ግን መጻፍ አልችልም» አለኝ። የሄድሁበት ቢሮ ሁሉ ሊሆን ይችላል ይለኛል። ነው ብለው የተናገሩት አባባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ምን እንደ ተደረጉ ነገርሁሽ።

እንግዲህ እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ያስመለሰኝ ስለ ዳንሁ ነው ብለሽኛል። ያስመለሰሽ ነዳጅ ስለ ጠጣሽ ነው። ሽፍታው በሽታው ሲወጣ ነው ብለሽኛል። የሸጊቱን እጅ የላጠው ውሃ ነው የአንቺንም አንገት የላጠው። የመጀመሪያውን የሆድ ሕመምሽን ምን እንዳመጣው አላውቅም፤ ምናልባት ቆመሽ የምትበዪው ትርፍራፊ ይሆናል፤ ሐኪም ይየው። እመቤትሽን ለምኛት፤ እምቢ ካለች አልቅሺባት፤ ይህን ሁሉ ልብስ የተኮሰላትን ሰው አንድ ቀን ሐኪም ቤት ብትወስደው አትጎዳም። ለአክስታችን ሌላ ጸበል ላኩልኝ ብለሽ መልእክት ልከሻል አሉ። ማንም አይልክልሽም፤ በሬን ዘግቼ እጠብቃለሁ። ኪዳነ ምሕረትን ትቻለሁ ብለሽ ደግሞ አትጠርጥሪኝ። እሷን አልተቀየምሁም፤ የተቀየምሁት በደጇ ያለውን ሰው ነው፣ ከእነሱም ውስጥ ራሴን አላወጣሁም።

ዓለምዬ እንደ ነገረችኝ ጀሪካኑ ገና አላለቀም። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ከትራስሽ አጠገብ አስቀምጠሽዋል፤ እንዳያልቅብሽ በማንኪያ እየቆጠብሽ ትወስጂዋለሽ። ይህን ስትነግረኝ ምግብ ቤቱ ውስጥ እንግዳ እያለ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ያየሁትን ሁሉ ነገርሁሽ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

እማዬ ጉንጭሽን ስማ ሰላም ብላሻለች፤ «ለእኔ ስትል ትታይ፣ ለእኔ ስትል» በይልኝ ብላለች። አክስታችን ሰላም ትልሻለች፤ በገዱ ነገር ከእኔ ጋር ስለ ተጣላች ሰላምታዋን ያገኘሁት በሰው ነው። ገዱ ከመተማ ሰላም ብሏል። ሸጊቱ «እኔን ካላመነች ላሞቼን ትጠይቅ» ብላለች፤ ከነሳቋ አድርሼልሻለሁ። ልጄ ቃለ አብ አድጎ ከትከሻዬ በላይ ሆኗል፤ ለአክስቴ ጻፊልኝ ብሎ የእግሩን ቁጥር ነግሮኛል፤ አልጻፍሁለትም፣ ጤናሽን ብቻ ላኪልን።

አባባ ከኅዳር ወዲህ የጸበሉን ነገር አንሥተው አያውቁም፤ እኛም አናነሣም። ይህን ስጽፍ ግን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ለማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ለየሺ ነው አልኋቸው። «የምላት አለኝ፤ እንዳልሁሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው» አሉኝ። ያሉት ይህን ነው፦

«ልጄ የሺወርቅ፣ ያን ውሃ የቀዳሁልሽ እኔ ነኝ። የደገምሁበትም የላክሁልሽም እኔ ነኝ። እህትሽ አላሳሳተችኝም፤ እኔ አንቺን አሳሳትሁሽ። ጸበል እግር በማይረግጠው ቦታ ካልሆነ አይደፋም ብዬ ያስተማርሁሽም እኔው ነኝና፣ አሁን እንዲያ ያለ ቦታ ፍለጋ ብለሽ አንድ ቀን አታሳድሪው። እዚያ የምትኖሪበት ቤት እንዲህ ያለ ቦታ እንደሌለ ዓለምዬ ነግራኛለች። ሽንት ቤት ድፊው፤ ጀሪካኑንም ጣይው። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር። እመቤቴን ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ፤ አንቺ ዳኚ ብቻ።»

ከዚያ የጻፍሁትን አስነበቡኝ። አንብቤ ስጨርስ «ሽንት ቤት የሚለውን ጽፈሽዋል?» አሉኝ። ጽፌዋለሁ አልኋቸው። ተነሥተው ወጡ።

እህትሽ
ሐመልማል ሀብተ ሚካኤል
ዳባት፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.